የኢየሩ ኮሸሽላ

«ይቅርታ እህቴ፣ አንዴ ብትነሺልኝ?»

ጳውሎስ አካባቢ፣ ከፋርማሲዎቹ ተርታ በተሸጎጠች አንዲት ጠባብ ካፌ ውስጥ ነበርኩ። ሆስፒታል የተኛች ዘመዴን ጠይቄ ስወጣ ዝናቡ ሳይታሰብ ዱብ አለና ያገኘሁት በር ውስጥ ዘው አልኩ። ቤቷ እንደኔው ዝናብ ባባረረው ሰው ጢም ብላለች። ያዘዝኩት ማኪያቶ ሳይመጣ፣ አመድማ ሻሽ በወጉ ያሰረች አንዲት ወጣት አጠገቤ መጥታ ቆመች። ዓይኗ ያለው እኔ ላይ አይደለም፤ የተቀመጥኩበት ላይ ነው።

«ቦታሽ ነው እንዴ?» አልኳት ቦርሳዬን እየሰበሰብኩ።

«ኧረ አይደለም! ትራሱን ነው የፈለግኩት።»

ብድግ አልኩላት። ትራሱን አነሳችና፣ እናት ቅማል ስትፈልግ የልጇን ጭንቅላት እንደምታደርገው፣ እያገላበጠች አየችው። ክብ ክብ፣ ዙሪያውን እሾህ እሾህ ያለ አበባ የታተመበት ጨርቅ ለብሷል። ለዓይን ደስ ይላል። ከባንኮኒው ጀርባ ያለችው አስተናጋጅ ሳቀች።

«ደግሞ መጣሽ? ኮሮናዬን ልትወስጂብኝ?»

ኮሮና የምትለው ጨርቁን ነው። ያ የበሽታው ሥዕል በየግድግዳው ተለጥፎ በነበረበት ጊዜ ያየነውን፣ እሾሃማ ኳሱን ይመስላል ማለቷ ነው። ቀልዱ እኔን እንኳ ፈገግ አድርጎኝ ነበር፤ የልጅቷ ፊት ግን ልውጥ አለ። ከያዘችው ፌስታል ነጠላ ቀለም ያላቸው አዳዲስ የትራስ ልብሶች አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች።

«ባለቤቱን አስፈቅጄልሻለሁ» አለች አስተናጋጇ። «‹አዲስ በአዲስ ከሆነ ትቀይር› ብሏል። ግን አንቺ ልጅ፣ ጤናሽን ነው?»

«ጤናዬን አይደለም» አለች ልጅቷ፣ የምሯን።

ሰው ሲሠራ እጄን አጣጥፌ ማየት አይሆንልኝምና አንዱን ትራስ ተቀብያት ልብሱን መግፈፍ ጀመርኩ። ዝናቡም አላቆመ፣ እሷም ጀምራ አላቆመች። ትራሶቹን ሁሉ አልብሰን ስንጨርስ አጠገቤ ቁጭ ብላ ሻይ አዘዘች። ነገሩን አወጋችኝ፤ እንዲህ ነው።

*

ሀያም ትባላለች። አባቷ ሙዘይን ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ሱቅ አላቸው፤ እሷም በሕፃንነቷ ከጋቢና ከነጠላ ክምር መሐል ተኝታ ያደገች ልጅ ናት። ኮሌጅ ገብታ ግራፊክስ ተምራ ስትመለስ፣ አባቷ ከሱቁ ጀርባ ያለችውን የዕቃ ማጎሪያ ክፍል አስለቀቁላትና ኮምፒውተሯን ተከለች። ሥራዋ ለሰው ሲነገር ቀላል ይመስላል። ጥልፍ የሚነድፉ ሰዎች በወረቀት የሳሉትን ያመጡላታል። እሷ ፎቶ አንስታ ስክሪን ላይ ትዘረጋዋለች፤ ከዚያ እያንዳንዷን መስመር በማውሷ እየተከተለች እንደገና ትስላታለች። መርፌው የት ገብቶ የት እንደሚወጣ፣ ክሩ በየት በኩል እንደሚተኛ ትወስናለች። ያ ፋይል ወደ ኮምፒውተር ጥልፍ ማሽን ይሄዳል፤ ማሽኑ ቀሚሱ ላይ ይጠልፈዋል። ድሮ ወራት ይፈጅ የነበረው አሁን በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል።

የልቧ ግን ሌላ ነበር። የራሷ ንድፍ በጨርቅ ታትሞ፣ በጣቃ በጣቃ ተጠቅልሎ፣ በየሱቁ ቆሞ ማየት ትፈልጋለች። ለዚህ ደግሞ በሩ ፈሀድ ነው። ፈሀድ የአክስቷ ልጅ ነው፤ ንድፍ ወደ ውጭ አገር ፋብሪካ ልኮ ጨርቅ አሳትሞ ያስመጣል። ሀያም ንድፎቿን ባሳየችው ቁጥር ሰውዬው ምላሱ አያርፍም።

«ሀዩ፣ ይሄ የሆስፒታል መጋረጃ ነው።»

ሌላ ታሳየዋለች።

«ይሄ ደግሞ የሽንት ቤት ሴራሚክ። አትቀየሚኝ እንግዲህ፤ ዘመድ ካልነገረሽ ማን ይነግርሻል?»

ሳቅ ብላ ታልፈዋለች። ማታ ማታ ግን ያቺ የሽንት ቤት ሴራሚክ የምትል ቃል ጆሮዋ ውስጥ ትዞራለች።

እትዬ አበራሽን የምታውቃቸው ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ነው። ከእነሱ ሰፈር ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ወደ እጽዋት ማዕከሉ በሚወጣው ዳገት ላይ ነው ቤታቸው። ጥልፍ ነዳፊ ናቸው፤ በዚያ አካባቢ የተዳረች ሴት ሁሉ አንድ ነገር የእሳቸውን ሳትለብስ አልተዳረችም። አነዳደፋቸው የራሳቸው ነው። ስሱን ወረቀት አራት አድርገው ያጥፉታል። ሩቡን ብቻ ይስላሉ። ከዚያ መርፌ ይዘው መስመር መስመሩን ጥቅ ጥቅ ጥቅ እያደረጉ አራቱንም ድርብ ይወጉታል። ወረቀቱ ሲዘረጋ ቀዳዳዎቹን በእርሳስ ያገናኛሉ፤ አራቱም ወገን እንደ መንትያ እኩል ይሆናል። «እኔ አንድ እሠራለሁ፣ ወረቀቱ ሦስት ይመርቅልኛል» ይላሉ።

ለሰው ሙሽራ ሐረግ ነድፈዋል፣ መቅረዝ ነድፈዋል፣ የወይን ዘለላ ነድፈዋል። ኮሸሽላ ግን ለማንም ነድፈው አያውቁም። ማንስ ለሙሽራ ኮሸሽላ ይጠይቃል? በየመንገዱ ዳር የሚበቅል፣ ሲነኩት የሚወጋ። ነገሩ ወዲህ ነው፤ አንዲት ልጃቸው ኢየሩ በልጅነቷ የማትነካ ኃይለኛ ነበረች። ወንዱንም ሴቱንም ስትደበድብ ውላ፣ ማታ ጉልበቷ ተልጦ ትገባለች። እናቷ ቁስሏን እያጠቡ «ኮሸሽላዬ» ይሏታል፤ ስሙ በዚያው ቀረ። ልጅቷ አድጋ ፋርማሲስት ሆና ነጭ ጋውን ለብሳ እንኳ፣ በር ላይ ስትደርስ «ኮሸሽላዬ መጣች» ነው።

ባለፈው ኅዳር ሽማግሌ ተላከ፤ ሠርጉም ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። እትዬ አበራሽ ለመልሱ ቀን ኢየሩ የምትለብሰውን ቀሚስ ንድፍ በእጃቸው ሠሩ። የቤተ ክርስቲያን ጓደኛቸው አይታ «አበራሽ፣ እሾህና አሜከላ እኮ እርግማን ነው፤ ለሙሽራ?» ብትላቸው፣ «አንቺ የኔን እሾህ አታውቂያትም» አሉ። መጥለፉን ግን አልቻሉትም። እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ መርፌ ለመውጋት ይበቃል፣ ክር ለማስተኛት አይበቃም። ስለዚህ ወረቀቱን መዝሙር መጽሐፋቸው ውስጥ አድርገው ሀያም ዘንድ መጡ።

«ሀዩዬ፣ ይሄ የኢየሩ ነው። ለመልሷ።»

«ማሻ አላህ! እትዬ፣ እንዴት ያምራል!»

«እንዳትገለብጪው።»

ይህን ብለው፣ ስልካቸው ጮኸና የአማቾቹ ወገን ነው ብለው እያወሩ ወጡ። በቃ። አንድ ቃል።

መገልበጥ በእኛ ቋንቋ ሁለት ፊት አለው። ጆንያ ይገለበጣል፣ መኪና ይገለበጣል፤ ፈተናም ይገለበጣል። ሀያም ሙያ ውስጥ ደግሞ ሁለቱም የዕለት እንጀራ ናቸው። ስክሪኑ ላይ አንዲት ቁልፍ አለች፤ ስትነካ ግራው ቀኝ፣ ላዩ ታች ይሆናል። ይህ መገልበጥ ነው። ሌላ ቁልፍ አለች፤ አንዱን ሁለት፣ ሁለቱን ሺህ ታደርጋለች። ይህም መገልበጥ ነው። የትኛውን ነው ያሉት? ሀያም ያን ጊዜ ‹አዙረሽ እንዳታሰፊው› ማለታቸው ነው ብላ ወሰደችው።

«እውነቴን ነው፣ መጀመሪያ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ» አለችኝ ሻይዋን እያማሰለች። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።

ፎቶውን አንስታ ስክሪኑ ላይ አጉልታ ስትዘረጋው ግን ጥቃቅን ነጥቦች አየች። መጀመሪያ ቆሻሻ መስለዋት አንድ በአንድ ማጥፋት ጀመረች። ጥቂት ካጠፋች በኋላ ነው የእትዬ አበራሽ መርፌ መሆኑ የገባት። ለመሞከር ያህል የመገልበጫዋን ቁልፍ ነካች። ምንም አልተለወጠም። ወደ ላይ ገለበጠችው፤ ያው ነው። ወደ ጎን፤ ያው ነው። ኮሸሽላው በየትም ቢዞር ኮሸሽላ ነው። ቢዞርም የማይለወጥን ነገር ‹አታዙሪው› የሚል ነዳፊ የለም። ያን ጊዜ የቃሉ ሌላኛው ፊት ቁልጭ ብሎ ታያት፦ ይሄ የኢየሩ ነው፤ አታባዢው፤ ለሌላ እንዳይደርስ።

ገባት። ከዚያ እንዳልገባት ሆነች። ነጥቦቹን አጥፍታ ጨረሰች።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢቆም ምንም አልነበረም። በማግስቱ ፈሀድ ሱቅ መጥቶ፣ እንደ ልማዱ ሳያንኳኳ ክፍሏ ውስጥ ገባ። ስክሪኑ ላይ ኮሸሽላው ተዘርግቷል። ሰውዬው ቀልዱን ረስቶ ቆመ።

«ይሄን አንቺ ነሽ?»

«እ... ማለቴ፣ አዎ፣ እኔ ነኝ የሠራሁት።»

መሥራቱንማ ሠርታዋለች። መስመሩን የተከተለችው እሷ ናት፣ ቀለሙን የመረጠችው እሷ ናት። ሳልኩት አላለችም። እንዲህ ብላ ለራሷ ስታስረዳ፣ ፈሀድ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት።

«በመጨረሻ! ሀዩ፣ ዓይንሽ በራ እኮ! ላኪልኝ፣ ዛሬውኑ።»

«እሱ እንኳን የሰው...»

«የምን ሰው? የሰው ያልሆነ ምን አለ? ላኪው ባክሽ!»

ላከችው። ስትልከው አፏ ውስጥ የነበረው ‹እንዳትገለብጪው አሉኝ፤ አልገለበጥኩትም› የሚል ነበር። እንዲያውም ጮክ ብላ ሳትለው አልቀረችም፤ ክፍሉ ውስጥ ማንም አልነበረም።

የኢየሩ ቀሚስ ተጠልፎ ወጣ። ነጭ ፈትል ላይ፣ ደረቱን ይዞ እስከ እግር፣ ሐምራዊ ኮሸሽላ። እትዬ አበራሽ በመዳፋቸው ዳበሱት፤ እሾሁ ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን እንደተወጋ ሰው መለስ አድርገው ሳቁ። «አቤት! ትዋጋለች!» ሀያምን ግንባሯን ሳሟት። ያ መሳም እስከ ዛሬ ግንባሯ ላይ አለ ትላለች፤ ስትታጠብም አይለቅም።

ፈሀድም ንድፉን በጨርቅ አሳትሞ አስመጣ። ጨርቁ ሲገባ ከሁሉ የቀደሙት አባቷ ናቸው። ሙዘይን አንዱን ጣቃ ተሸክመው መጥተው፣ ከሱቁ ደጃፍ ከነጠላዎቹ በላይ ዘርግተው ሰቀሉት፤ ለአላፊ አግዳሚው «የልጄ እጅ ናት!» ይላሉ። ሀያም ከጀርባ ክፍሏ ወጥታ አየችው።

«አባ፣ ይውረድ።»

«ለምን ሲባል? ዓይን ይበላዋል ብለሽ ነው? ማሻ አላህ ብዬ ነው የሰቀልኩት።»

«እትዬ አበራሽ በዚህ ያልፋሉ።»

«ይለፉዋ! አይተው ይደሰቱ። እሳቸው ናቸው እኮ ያስተማሩሽ።»

ይህን ሲሉ ምንም አያውቁም። ልጅ ወልዶ በልጁ የሚኮራ አባት ምን ይባላል? ነፋስ ያቆሽሸዋል ብላ ዋሽታ አወረደችው። እሳቸውም አጣጥፈው ለመጀመሪያዋ ደንበኛ ሸጡት። ጎረቤቱ ሱቅ ግን ሰቅሏል። ከእሱ ቀጥሎ ያለውም። የአበባውን ስም ማን ያውቃል? አንዱ ደላላ አይቶ «ኮሮና!» አለ፤ ገበያው ሳቀ፤ ስሙ ወጣ። «ኮሮና አለ?» «ኮሮና ስንት ነው?» «ከኮሮናው ሁለት ሜትር ቅደድልኝ!»

ሀያምን ያንገበገባት ይህ ስም ነበር። የመልሱ ቀን ዓይነ ርግቡ ተነስቶ፣ ኢየሩ በዚያ ቀሚስ ስትገባ፣ ከእንግዳው መሐል አንዱ «ውይ፣ ኮሮና ለበሰች!» ቢል? እናትየው በቆሙበት?

ታዲያ ምን አደረገች? ተደበቀችና መግዛት ጀመረች። ከአንዱ ሱቅ የቀረውን ጣቃ ታነሳለች፣ ወደ ሌላው ትሻገራለች። የተሰፋም ከሆነ ትወስዳለች፤ የጠረጴዛ ልብስ፣ መጋረጃ፣ የሶፋ ትራስ። ክፍሏ ሞላ። ጨርቁን ከገበያው ጠራርጋ ካነሳችው ይረሳል ብላ ነው። ሽሮ ሜዳ ተወልዳ አድጋ፣ የሽሮ ሜዳን ነገር ረሳችው። ነጋዴው ሁሉ ምን አለ? «ይሄ ዕቃ እኮ አይቆምም! ሲገባ ያልቃል!» ያልያዘው ያዘ፣ የያዘው ደገመ። አንድ ቀን ፈሀድ በደስታ እየተንሳፈፈ መጣ።

«ሀዩ፣ እጅሽ ይባረክ! ሁለተኛ ዙር አዝዣለሁ። እንዲያውም ሰው ተሰልፎ ይወስደዋል አሉኝ!»

«ማነው የተሰለፈው?»

«እኔ ምን አውቄ! አንዲት አመድማ ሻሽ ያሰረች ሴት ናት አሉ፣ ሱቅ ሱቁን እየዞረች...» ሻሿን አየ። «ሀዩ?»

ያን ቀን ነገረችው፤ ንድፉ የሷ እንዳልሆነ፣ ‹ሠራሁት› እንጂ ‹ሳልኩት› እንዳላለችው፣ ይህም ቃል መጠምዘዝ ብቻ እንደሆነ። ፈሀድ ግድግዳውን ተደግፎ ሰማትና «ታዲያ አሁን ምን ላድርገው፣ ልዋጠው?» አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሂጂና ከሌላ ሰው ሳይሰሙ ንገሪያቸው» አላት። ከዚያ ሁሉ ምላሱ የወጣች አንዲት ደግ ነገር ይህች ናት።

*

የሠርጉ ሽር ጉድ ተጀምሯል። እትዬ አበራሽ ግቢ ውስጥ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይወርዳል፤ የሰፈር ሴቶች ክብ ሠርተው ሽንኩርት ይከትፋሉ። እሳቸው ለብቻቸው ከቧንቧው አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጠው ነጭ ሽንኩርት ይልጣሉ። ሀያም ጎናቸው ቁጢጥ አለች።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ላጥፋ... አጥፍቻለሁ።»

«ማን ሞተ?»

«ማንም። የኢየሩ ንድፍ... ወጥቷል። በጨርቅ ታትሞ ገበያ ላይ ነው። እኔ ነኝ ለፈሀድ የሰጠሁት። እንዳትገለብጪው ሲሉኝ እኔ... አዙረሽ እንዳታሰፊው ማለትዎ መስሎኝ...»

የእትዬ አበራሽ እጅ ቆመ። ከዚያ ሌላ ፍሬ አንስተው መላጥ ጀመሩ።

«እኔም እሱን ነው ያልኩሽ።»

«ምኑን?»

«ተዟዙሮ እንዳይሰፋ። ሌላ ምን እላለሁ? ያልኩሽን አድርገሻል። ምን ጥፋት አለው?»

«ግን እኮ...»

«ይልቅ ለእናትሽ ለኡሙሀኒ ንገሪያት፣ ለእናንተ በጉ ለብቻ ነው፤ ጎረቤታችሁ አብዱልሰላም መጥቶ ያርደዋል፤ ድስቱም ለብቻ ነው። እንዳትቀሩ። በይ ሂጂ፣ ሥራ አለብኝ።»

ወጣች። ከበሩ እስከ አስፋልቱ ድረስ ክንፍ ያወጣች ያህል ነበር። አልሐምዱሊላህ! ለካ ተሳስቼ አልነበረም! ለካ ቃሉን በትክክል ነበር የሰማሁት! አስፋልቱ ጋ ስትደርስ ሚኒባስ ቆመላት፤ እግሯን አነሳች። እግሯ ግን አልወጣም። እነዚያ የመርፌ ነጥቦች፣ አንድ በአንድ ያጠፋቻቸው፣ ዓይኗ ላይ ተደረደሩ።

«ትገቢያለሽ አትገቢም?» አላት ረዳቱ።

«አልገባም።»

«ታዲያ በሩን ልቀቂያ፣ የምን መደገፍ ነው!»

ዳገቱን መልሳ ወጣች። እትዬ አበራሽ እዚያው ዱካቸው ላይ ናቸው።

«ምን ረሳሽ?»

«እትዬ፣ ወረቀቱ የመርፌ ቀዳዳ ነበረበት። አራቱም ወገን አንድ ነው። ቢገለበጥም ያው ነው። ያን ዕለት ገልብጬ አይቼዋለሁ። ምን ማለትዎ እንደነበር ያን ዕለት ገብቶኛል።»

«አውቃለሁ» አሉ። «የወጋሁት እኔ ነኝ።»

የሽንኩርት ከታፊዎቹ ሳቅ ከወዲያ በኩል ይሰማል።

«ታዲያ ቅድም ለምን...»

«በሰላም እንድትሄጂ ነበር። በሰላም አልሄድም ካልሽ እንግዲህ ቁጭ በይ።» ነጭ ሽንኩርቱን ከነሳህኑ ገፋ አደረጉላት። «ላጪ።»

ላጠች። በኋላ እትዬ አበራሽ፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው፣ የሌላ ሰው እጅ እንደሚያዩ እያዩት ተናገሩ።

«ኮሮና ነው አይደል የሚሉት? ሰምቻለሁ። ጎረቤት ለመሶቧ ማልበሻ ገዝታ ልታሳየኝ መጣች። ‹እትዬ፣ ኮሮና የሚሉት ይሄ ነው› አለችኝ። ‹ያምራል› አልኳት። ምን ልበላት? ለኢየሩ ሌላ ንድፍ እንዳልስላት እጄን አየሽው። ቀሚሱ ይሄው ነው፤ ልጄም ይቺው ናት።»

«እኔ ልሳል? እርስዎ እየነገሩኝ...»

«አንቺማ መሳሉን ትችያለሽ፤ እሱ አልጎደለሽም። የጎደለሽ ሌላ ነው።» ይህን ሲሉ አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻል ነበር። «አሁን ስሚኝ። ኢየሩ አታውቅም። ቀሚሱን ለብሳ፣ ሰው እልል እስኪል ድረስ አታውቅም። ከዚያ በኋላ እኔ እነግራታለሁ፣ የፈለገውን ትሁን። እስከዚያ ዓይኗ እንዳይገባ አድርጊ፤ እንዴት እንደምታደርጊው አንቺ ታውቂያለሽ። የመልሱ ዕለት ደግሞ በጊዜ መጥተሽ ቀሚሱን የምታለብሻት አንቺ ነሽ። ከኋላ ያለውን ቁልፍ አንድ በአንድ ትቆልፊያለሽ። ሌላ ሰው አይነካውም።»

«እሺ እትዬ።»

«አሁንም በጉ ለብቻ ነው» አሉ፣ ሳህኑን እየተቀበሏት። «እንዳትቀሩ ብያለሁ።»

*

ዝናቡ አባርቶ አስፋልቱ ላይ ውኃው እየወረደ ነበር። ታሪኩ ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ትራሶቹም የሱ ቁራጭ ናቸው። ኢየሩ የምትሠራበት ፋርማሲ ከካፌዋ ሦስተኛው በር ነው። ለጊዜው እረፍት ላይ ናት፤ ሰኞ ግን ላልደረሳቸው ባልደረቦቿ የጥሪ ካርድ ልታድል ትመጣለች፤ እንደ ወትሮው ደግሞ እዚህ ተቀምጣ ማኪያቶ ትጠጣለች። የካፌው ባለቤት ትራሶቹን ያለበሳቸው ከትናንት በስቲያ ነው። ሀያም ያወቀችው በዚህ ስታልፍ በመስኮት አይታ ነው።

«ፈሀድስ?» አልኳት።

«ሁለተኛውን ዙር ከመልሱ በኋላ ላወጣው ብሏል። ከዚያ በኋላ ግን ይወጣል። እኔ ምን እላለሁ? ያባዛሁት እኔ ነኝ፣ ሁለት ጊዜ፤ አንዴ ልኬ፣ አንዴ ገዝቼ።» የሻይዋን ዝቃጭ አየችው። «ታውቂያለሽ፣ ቁልፎቹን አስባቸዋለሁ። ጀርባዋን ይዤ ስቆልፍ እሷ በመስታወት ታየኛለች። ‹ሀዩ፣ እንዴት ነኝ?› ትለኛለች። ምን እላታለሁ?»

የተገፈፉትን ልብሶች አጣጥፌ ፌስታሏ ውስጥ ከተትኩላት። አንዱ እጄ ላይ ቀረ። ስመለከተው፣ እውነትም ኮሸሽላ ነው፤ አሁን ኮሮና ሆኖ ሊታየኝ አልቻለም። እህቴ ደብረ ብርሃን ትንሽ የስፌት ሱቅ አላት፤ ብታየው ደስ ይላታል ብዬ አሰብኩ።

«አንዷን ብትሰጪኝስ?» አልኳት፣ አፌ ቀድሞኝ።

ከበሩ ደርሳ ነበር። ዞረች። ጨርቁን አየች፣ እኔን አየች። ላትሰጠኝ ነው ስል ተመልሳ ጣቶቼን ጨርቁ ላይ አጠፈቻቸው።

«ያዢው» አለችኝ። «ግን እንዳትገለብጪው። የትኛውን ማለቴ እንደሆነ ደግሞ ገብቶሻል፤ በኋላ አልገባኝም ነበር እንዳትዪ።»